ለውዙ፣ በርጫው፣ ሻዩ፦ የካንሰርን አደጋ ለመቀነስ ድሬ ላይ የቱን በየቱ እንተካ?

ድሬዳዋ ላይ ስለ ካንሰር ሲወራ ጥያቄው ሁሌም ወደ ምግብ ይሄዳል። ምን ልብላ? ምን ልተው? አንዱ የሺፈራው ቅጠል ዱቄት በጥብጠህ ጠጣ ይላል። ሌላዋ ስኳር ከቤቴ አስወጥቻለሁ ትላለች። ሎሚ በሞቀ ውሃ የሚለውም አይጠፋም። ሰዉ ለጤናው መጨነቁ ጥሩ ነው። የሚያሳስበኝ ምክሩ ሁሉ እኩል ክብደት ያለው ሆኖ መነገሩ ነው። እኩል አይደለም። አንዳንዱን ልማድ ብታስተካክሉ አደጋው በእጅጉ ይቀንሳል። አንዳንዱ ደግሞ ኪስ ያራቁታል እንጂ የሚለውጠው ነገር የለም።

ስለዚህ እያነጻጸርን እንሂድ። ከቀፊራ ገበያ የምንሸምተውን፣ ከሰዓት በኋላ የምንቀመጥበትን፣ በየቀኑ የምንጠጣውን ጎን ለጎን እያደረግኩ አነሳለሁ። የቱ ይሻላል፣ ለምን፣ ከገንዘብስ አንጻር ያዋጣል ወይ የሚለውን ከራሴ ፍርድ ጋር እነግራችኋለሁ። ሐረር ያላችሁም፣ ብዙው የእናንተው ጉዳይ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከካንሰር ሕመሞች ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚሆኑትን መከላከል ይቻላል። ይህ ማለት የተጠነቀቀ ሰው በጭራሽ አይታመምም ማለት አይደለም። የታመመም ሰው ጥፋተኛ ነው ማለት አይደለም። ይህን ሁለተኛውን በተለይ ያዙልኝ። ታማሚ ሊጠይቁ ሄደው «ምን በልተህ ነው?» የሚሉ ሰዎች አሉና።

«ካንሰር ያመጣል» ሲባል ምን ማለት ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ነገሮችን በምድብ ይከፍላል። ምድብ 1 ማለት ነገሩ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ በቂ ማስረጃ ተገኝቷል ማለት ነው። ሲጋራ እዚያ አለ። አልኮል አለ። የሻጋታ መርዝ የሆነው አፍላቶክሲን አለ። ሞርታዴላም አለ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ምድቡ የሚናገረው ማስረጃው ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነ ነው፤ አደጋው ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ አይናገርም። በቀን 50 ግራም ሞርታዴላ ወይም ቋሊማ የሚበላ ሰው በትልቁ አንጀት ካንሰር የመያዝ ዕድሉ ወደ 18 በመቶ ይጨምራል። የሚያጨስ ሰው ግን በሳንባ ካንሰር የመያዝ ዕድሉ ከማያጨሰው ከ15 እስከ 30 እጥፍ ነው። በመቶኛ ሳይሆን በእጥፍ። ሁለቱም ምድብ 1 ናቸው። አንዱን ለመተው የምታወጡት ጉልበት ግን ከሌላው ጋር አንድ ሊሆን አይገባም።

ለውዝ፦ ከነቅርፊቱ፣ የተቆላ ወይስ የተፈጨ?

ከዚህ የጀመርኩት ጉዳዩ የእኛው የሐረርጌ ጉዳይ ስለሆነ ነው። ለውዝ አብቃይዋ ባቢሌ ቅርባችን ናት። ለውዝ በየመንገዱ ይቸረቸራል፤ በርጫ ላይ ይቀርባል፤ ለልጆች መክሰስ ይሆናል። ለውዝ ራሱ ጥሩ ምግብ ነው። ጣጣው ሻጋታው ላይ ነው።

ለውዝ የሚያፈራው አፈር ውስጥ ነው። ድርቅ ሲመታው፣ ሲነቀል ቅርፊቱ ሲቆስል ወይም በደንብ ሳይደርቅ ሲከማች አስፐርጊለስ የሚባል ሻጋታ ይገባበታል። ለመፈልፈል እንዲቀል ተብሎ ውሃ ሲረጭበት ደግሞ ይብስበታል። ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባለውን መርዝ ያመነጫል። መርዙ ጉበት ላይ ነው የሚሠራው።

ብዙዎቻችን «ተቆልቷል፣ እሳት ነክቶታል» ብለን እንጽናናለን። አፍላቶክሲን ግን ሙቀት የሚችል መርዝ ነው። እንዲበሰብስ ከ200 ዲግሪ በጣም ያለፈ ሙቀት ይፈልጋል። በብረት ምጣድ መቁላት በተወሰነ ደረጃ ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም።

ደስ የሚለው መርዙ በሁሉም ፍሬ ላይ እኩል አይሰራጭም። አብዛኛው የሚገኘው በጥቂት የተበላሹ ፍሬዎች ላይ ነው። ስለዚህ መልቀም ትልቅ ሥራ ይሠራል። እኔ ቤት ለውዝ ሲገባ ሰፌድ ላይ አፍስሼ በር ላይ፣ ብርሃን ባለበት እቀመጣለሁ። የተጨማደደውን አወጣለሁ። ቀዩ ልባሱ ጠቁሮ የነተበውን አወጣለሁ። ለሁለት ሲከፈል ውስጡ ቢጫ ወይም አረንጓዴ አቧራ መሳይ ያለበትን አወጣለሁ። የተነቀዘውም ይወጣል። አፍ ውስጥ ገብቶ የመረረ ፍሬ ደግሞ አይዋጥም፤ ይተፋል። ለልጆችም ይህን አስተምሯቸው። ሕፃን መሮትም ቢሆን ዋጥ ያደርገዋል።

እንግዲህ ለውዙን በአራት ዓይነት መንገድ ታገኙታላችሁ።

ከነቅርፊቱ የሚሸጠው የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው። ቅርፊቱ ያልተሰበረ፣ ያልጠቆረ፣ ስታራግፉት ውስጡ የሚንኳኳ ከሆነ ደህና ደርቋል። መፈልፈሉ ጊዜ ይወስዳል፤ ግን እያንዳንዱን ፍሬ በዓይናችሁ ታያላችሁ።

ተፈልፍሎ በጥሬው የሚሸጠው ሁለተኛ ነው። ለመልቀም ይመቻል። ከሻጩ ጋር ካልተጣላችሁ በቀር እዚያው ከጆንያው እፍኝ ዘግናችሁ መዳፋችሁ ላይ ተመልከቱ። ድሬ ላይ «አቦ ትንሽ ልየው» ብሎ መዝገን ነውር አይደለም።

ተቆልቶ፣ ጨው ነክቶት በወረቀት ተጠቅልሎ የሚሸጠው ሦስተኛ ነው። ቀለሙ በመቆላቱ ስለሚለወጥ ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ይከብዳል።

የተፈጨው፣ ማለትም የለውዝ ቅቤው፣ መጨረሻ ነው። ጥሩውም መጥፎውም አብሮ ተፈጭቶ ስለሚገባ የምትለቅሙት ነገር የለም። የለውዝ ቅቤ ከወደዳችሁ ለቅማችሁ እናንተው አስፈጩ። ለሕፃን ምጥን ዱቄት ለውዝ የምትጨምሩ እናቶች ደግሞ ይህን ምክር እንደ ግዴታ ቁጠሩት።

አቀማመጡም ለውጥ ያመጣል። ላስቲክ ውስጥ አስሮ ማስቀመጥ እርጥበት ያፍናል። አየር የሚያስገባ ጆንያ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ ይሻላል። በማሽላና በበቆሎም ያው ነው። በገጠር ማሽላ ጉድጓድ ውስጥ ይቀመጣል። ሲከፈት ከጎንና ከላይ ያለው እህል ሻግቶ ይገኛል። እሱን ከደህናው ጋር ቀላቅሎ ማስፈጨት ደህናውንም ማበላሸት ነው። ለላም እንስጠው ቢባልም መፍትሔ አይደለም፤ መርዙ መልኩን ቀይሮ በወተት ይመለሳል።

ለውዝን ከሁሉ አስቀድሜ ያነሳሁበት ሌላም ምክንያት አለ። በደሙ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ያለበት ሰው አፍላቶክሲን ሲገባው ጉዳቱ ይባዛል። የዓለም ጤና ድርጅትና የምግብና እርሻ ድርጅት የጋራ ኮሚቴ ባሰላው መሠረት መርዙ የጉበት ካንሰር የማምጣት ኃይሉ ቫይረሱ ባለበት ሰው ላይ ወደ 30 እጥፍ ይሆናል። ለውዙን ከመልቀም ጎን ለጎን የደም ምርመራው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

በርጫ፦ ጫቱ፣ ጭሱ ወይስ ጨብሲው?

ጫት አቁሙ ብዬ ብቻ ባልፍ ለብዙ አንባቢ ምንም አልጠቀምኩም። የሚያቆም ካለ በርታ እለዋለሁ፤ ከልቤ ነው። ላላቆመው ግን በርጫው ክፍል ውስጥ ካሉት ነገሮች የትኛው ቀድሞ መውጣት እንዳለበት ልንገረው።

መጀመሪያ ጭሱ ይውጣ። ይህ ላይ ክርክር የለም። ብዙ ሰው «እኔ ሲጋራ የማጨሰው ስቅም ብቻ ነው» ይላል። በየቀኑ የሚቅም ከሆነ ግን በየቀኑ ያጨሳል ማለት ነው። ሲጋራ የሚጎዳው ሳንባን ብቻ አይደለም። አፍን፣ ጉሮሮን፣ የምግብ ቧንቧን፣ ጨጓራን፣ ፊኛን፣ ቆሽትን፣ ኩላሊትን ሁሉ ይነካል።

«ሺሻ ይሻላል፣ ውሃው ያጣራዋል» የሚለው ትክክል አይደለም። ውሃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ መርዙን አያስቀረውም። ጭሱ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ሰው ጠልቆ ይስበዋል። የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ቡድን እንዳስቀመጠው አንድ ሰዓት ሺሻ ላይ የተቀመጠ ሰው የ100 ሲጋራ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆን የጭስ መጠን ሊስብ ይችላል። ከላይ የሚቀመጠው ከሰልም የራሱን ጋዝ ይጨምራል። በሕግም ቢሆን አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሺሻን ከልክሏል፤ በተዘጉ የሕዝብ ቦታዎች ማጨስንም እንዲሁ።

መቀነስ ወይስ ማቆም? ማቆም። ሲጋራ ያቆመ ሰው ከ10 ዓመት በኋላ በሳንባ ካንሰር የመሞት አደጋው ከማያቆመው ሰው ወደ ግማሽ ይወርዳል። መቀነስ ግን ብዙዎች የሚያስቡትን ያህል ጥቅም አይሰጥም።

የማያጨስ ሰውስ? በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሚያጨሱ ጋር ሰዓታት የሚቀመጥ ሰው ጭሱን ይጋራል። ከሚያጨስ ሰው ጋር አብሮ የሚኖር የማያጨስ ሰው የሳንባ ካንሰር አደጋው ከ20 እስከ 30 በመቶ ይጨምራል። ስለዚህ በርጫችሁ ላይ «አጫሽ ውጭ ወጥቶ ያጭስ» የሚል ስምምነት አድርጉ። መስኮት መክፈት ጥሩ ነው፤ ግን ጭሱ ጨርሶ አይወጣም።

ሁለተኛ ጨብሲው ይውጣ። ምርቃናውን ለመስበር ማታ ማታ የሚጠጣው ማለቴ ነው። አልኮል ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ምድብ 1 ውስጥ ነው። የአፍ፣ የጉሮሮ፣ የምግብ ቧንቧ፣ የጉበት፣ የትልቁ አንጀትና የጡት ካንሰር ያመጣል። ከሲጋራ ጋር ሲጣመር የአፍና የጉሮሮው አደጋ መደመር ብቻ አይደለም፤ ይባዛል። ሲጋራ በበርጫ፣ ጨብሲ በማታ፤ ይህ ጥምረት ድሬ ላይ የስንቱ ሰው የዕለት ፕሮግራም እንደሆነ ታውቃላችሁ።

«ቢራ ከአረቄ ይሻላል» ለሚሉ አንድ ስሌት ላሳይ። 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፣ 5 በመቶ አልኮል ያለው አንድ ጠርሙስ ቢራ ውስጥ 13 ግራም ገደማ ንጹሕ አልኮል አለ። 40 በመቶ አልኮል ያለው አረቄ በ40 ሚሊ ሊትር መለኪያ ሲቀዳም ያው 13 ግራም ገደማ ነው። ለካንሰር ጉዳይ የሚቆጠረው ይህ ግራም ነው። ቢራ፣ ወይን፣ አረቄ፣ ጠጅ፣ ስሙ ለውጥ የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት በጥር 2023 እ.ኤ.አ. ለጤና ጉዳት የለውም የሚባል የአልኮል መጠን እንደሌለ አስታውቋል። ስለዚህ ምርጫው በመጠጥ ዓይነት ሳይሆን በቀናት ቁጥር ነው። በሳምንት አምስት ቀን የሚጠጣ ሰው ወደ አንድ ቀን ቢያወርደው ከአረቄ ወደ ቢራ ከመዞር እጅግ የበለጠ ሥራ ሠራ።

ሦስተኛ ጫቱ ራሱ። ሐረር ባሉ ሆስፒታሎች የተሠራና በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ጫት መቃምን ሥር ከሰደደ የጉበት ሕመም ጋር አያይዞታል። ሥር የሰደደ የጉበት ሕመም ደግሞ ለጉበት ካንሰር መንገድ ይከፍታል። ጫት ላይ ዲዲቲ የሚባለው የተባይ ማጥፊያ ቅሪት የተገኘባቸው ጥናቶችም አሉ። ዲዲቲ ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም ተብሎ በ2015 እ.ኤ.አ. ተመድቧል። እና ምን ይደረግ? ሳይታጠብ አይቃም። ከሁሉ በላይ ግን ቀኑ ይቀነስ። በሳምንት ውስጥ ጫት የማይገባባቸው ቀናት ይኑሩ። ጉበቱ ቀድሞ የታመመ ሰው፣ ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሰው ግን በቀን መቀነስ አይበቃውም። እሱ ይተወው።

የበርጫው ለስላሳ መጠጥስ? አንድ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ከ30 ግራም በላይ ስኳር ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ደግሞ በቀን ከ25 ግራም ባይበልጥ ይመረጣል ብሎ ነው። ስኳር በራሱ ካንሰርን «ይመግባል» የሚለው ወሬ ብዙ ያስፈራል። እውነተኛው መንገድ በውፍረት በኩል ነው። ከልክ ያለፈ ውፍረት ቢያንስ ከ13 ዓይነት ካንሰሮች ጋር ተያይዟል። ለበርጫ ከሁሉ የሚሻለው ውሃ ነው። ቀጥሎ ቡና፣ ስኳሩ አነስ ብሎ።

ትኩስ ሻይ፣ ሆጃ፣ ገንፎ፦ አሁን ወይስ ትንሽ ቆይቶ?

ቡና ብዬ ሳነሳ መልካም ዜናውን ልንገራችሁ። የሐረር ሰው የሚኮራበት ቡና ለካንሰር በጥርጣሬ መዝገብ ላይ ነበር። በ2016 እ.ኤ.አ. የካንሰር ምርምር ተቋሙ እንደገና መርምሮ ከዚያ መዝገብ አወጣው። ቡና ከሚጠጡ ሰዎች መካከል የጉበት ካንሰር ዝቅ ብሎ ነው የሚታየው።

በዚያው ዓመት ግን ሌላ ነገር ተነገረ። ከ65 ዲግሪ በላይ ትኩስ የሆነ ማንኛውም መጠጥ የምግብ ቧንቧ ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም ተባለ። ቡና ይሁን፣ ሻይ ይሁን፣ ሆጃ ይሁን ጥፋቱ የሙቀቱ ነው። በአርሲና በባሌ አካባቢ የምግብ ቧንቧ ካንሰር በብዛት ይታያል፤ እዚያ ከተጠረጠሩት ነገሮች አንዱ ትኩስ ገንፎ ነው። መካከሉ ላይ ቅቤ የሚፈስበት ገንፎ ሙቀቱን ለረጅም ጊዜ ይዞ ይቆያል። ላዩ የበረደ መስሎ ውስጡ ያቃጥላል።

ድሬ ላይ ውሃ የሚፈላው በ96 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከተማችን ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስለተቀመጠች። ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ስለምትጠጋ 94 ገደማ ላይ ይፈላል። ሁለቱም ጋ ከጀበናው ወይም ከማንቆርቆሪያው በቀጥታ የተቀዳ ነገር ከ65 በእጅጉ በላይ ነው።

ሙቀት መለኪያ ማንም ቤት የለም። እኔ የምጠቀምበት ዘዴ ብርጭቆው ነው። ሻይ ቤት ስንቀመጥ ብርጭቆውን በሁለት ጣት ጠርዙን ይዘን ፉት እንላለን። በሁለት ጣት የምንይዘው ወገቡ ስለሚያቃጥል ነው። ብርጭቆውን በሙሉ እጃችሁ ጨብጣችሁ መያዝ እስክትችሉ ጠብቁ። ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ምንም ገንዘብ አያስወጣም። የቸኮለ ሰው ቀዝቃዛ ወተት ይጨምርበት።

ሥጋ፦ ግመል ወይስ በሬ፣ ጥብስ ወይስ ቅቅል?

የግመል ሥጋ ከበሬ ለካንሰር ይሻላል ወይ ተብዬ እጠየቃለሁ። ስቡ አነስ ይላል፤ ግን ሁለቱም ቀይ ሥጋ ናቸው። ፍየልና በግም እንዲሁ። ልዩነቱ ያለው በመጠኑና በአሠራሩ ላይ ነው።

መጠኑን በተመለከተ የዓለም የካንሰር ምርምር ፈንድ የሚለው በሳምንት ከ350 እስከ 500 ግራም የበሰለ ሥጋ ነው፤ ከዚያ አይበልጥ። በጥሬው ሲመዘን ከ500 እስከ 700 ግራም ይሆናል። ሉካንዳ ገብቶ ግማሽ ኪሎ አስቆርጦ ብቻውን የጨረሰ ሰው የሳምንቱን ድርሻ በአንድ ቀን አወራረደ ማለት ነው። ከዚያ ሳምንቱን በፉል፣ በሽሮና በምስር ቢያሳልፈው ምንም አይደለም። ይህን ማድረግ ለኛ አገር ሰው ከባድ አይደለም። ብዙ ጿሚ ጾሙን በዚህ መልክ ነው የሚያሳልፈው። ችግሩ ፋሲካ ሲመጣ ወይም ኢድ ሲሆን ለተከታታይ ቀናት ሥጋ በሥጋ መሆኑ ነው።

በአሠራር ቅቅልና ወጥ ከጥብስ ይሻላሉ። ከሰል ላይ ስቡ ሲንጠባጠብ የሚነሳው ጭስ ተመልሶ ሥጋው ላይ ይቀመጣል፤ ያረረው ጥቁር ክፍልም ካንሰር አምጪ ኬሚካሎች ይፈጠሩበታል። ጥብስ የሚወድ ሰው ያረረውን ቆርጦ ያውጣ።

ሞርታዴላና ቋሊማ ከሁሉም ወደ ኋላ ናቸው። ለልጆች ሳንድዊች በየቀኑ ሞርታዴላ ከማድረግ እንቁላል ይሻላል፤ ፉል ደግሞ ከሁለቱም ይሻላል። ቋንጣም በጨው ተነስንሶ የሚደርቅ ስለሆነ ከዚሁ ምድብ ነው። አልፎ አልፎ ቋንጣ ፍርፍር የበላ ሰው አይጨነቅ። የዘወትር ቁርስ አይሁን ብቻ።

ማሽላ፣ ጤፍ፣ ሩዝ ወይስ ነጭ ዳቦ?

ጤፍ ተወዷል። ግን የሐረርጌ ማሽላ እንጀራ ከጤፍ ባልተናነሰ ለአንጀት ይጠቅማል፤ ሁለቱም ከነገለባቸው ስለሚፈጩ አሰራቸው አይጠፋም። በቀን 90 ግራም ያልተፈተገ እህል መብላት የትልቁ አንጀት ካንሰርን አደጋ ወደ 17 በመቶ ይቀንሳል። ነጭ ሩዝ፣ ነጭ ዳቦና ፓስታ ይህን አይሰጡም። ድሬ ላይ ምሳ ሩዝ፣ ራት ፓስታ የሆነባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። አንዱን ብቻ በማሽላ እንጀራ ቢተኩ ወጪያቸውም ይቀንሳል። ማሽላው ያልሻገተ መሆኑን ግን ከላይ እንዳልኩት ተመልከቱ።

ፍራፍሬና አትክልት ሲደመር በቀን 400 ግራም ይመከራል። ወቅቱን ተከተሉ። ማንጎ ሲረክስ ማንጎ፣ ዘይቱን ሲገባ ዘይቱን፣ በለስ ሲመጣ በለስ። ጁስ ሲሆን አሰሩ ይቀርና ስኳር ይጨመርበታል፤ ፍሬውን ነክሶ መብላት ይሻላል።

ሺፈራውና የቫይታሚን ክኒን

ሺፈራው ቅጠል ነው፤ እንደ ጎመን ብሉት፣ ይጠቅማል። ካንሰር ይከላከላል ተብሎ በውድ ዋጋ የሚሸጠውን ዱቄት ግን አልመክርም። ጥቁር አዝሙድም በምግብ ውስጥ ቆንጆ ቅመም ነው፤ መድኃኒት ነው ብላችሁ አትግዙት።

ክኒኑ ላይ ደግሞ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ፊንላንድ ውስጥ 29,133 አጫሽ ወንዶች የተሳተፉበት ጥናት ውጤቱ በ1994 እ.ኤ.አ. ወጣ። ካሮትን ቀለም የሚሰጠውን ቤታ ካሮቲን በክኒን የወሰዱት አጫሾች በሳንባ ካንሰር የመያዝ አደጋቸው ይቀንሳል ሲባል 18 በመቶ ጨመረ። ካሮቱን ብሉ። ክኒኑ ሐኪም ሲያዝ ብቻ።

ባጃጅ ወይስ በእግር? ጡጦ ወይስ ጡት?

በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ለጡትና ለአንጀት ካንሰር መከላከያ ነው። ድሬ ላይ ሙቀቱ ሰበብ ይሆናል። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከዚራ በዛፎቹ ሥር መራመድ ግን ለማንም ይቻላል። ሐረር ጀጎል ውስጥ ያሉት ዳገቶች ደግሞ ከሜዳው የበለጠ ያሠራሉ። ለአጭር መንገድ ባጃጅ ካልያዛችሁ ጂም መግባት የግድ አይደለም።

እናቶች፣ ማጥባት ለልጁ ብቻ አይደለም። ለእያንዳንዱ 12 ወር ማጥባት የእናቲቱ የጡት ካንሰር አደጋ ወደ 4 በመቶ ይቀንሳል። ከሦስት ልጅ ጋር ስታስቡት ትንሽ አይደለም።

ምግብ ማስተካከል ወይስ ክትባትና ምርመራ?

ሁለቱም ብትችሉ ጥሩ። ገንዘብና ጊዜ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ግን ከሲጋራ ቀጥሎ እኔ የማስቀድመው ክትባትና ምርመራውን ነው። ዓመቱን ሙሉ ለሺፈራው ዱቄት ከምታወጡት ብር አንዴ የሚደረግ የሄፓታይተስ ቢ የደም ምርመራ ይበልጣል።

በአገራችን የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በሕፃናት መደበኛ ክትባት ውስጥ የገባው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ አምስቱን በአንድ በያዘው መርፌ። ከዚያ በፊት የተወለዳችሁ በሕፃንነታችሁ አልተከተባችሁም ብላችሁ አስቡ። ተመርመሩ። ነጻ ከሆናችሁ ክትባቱን ጠይቁ፤ በስድስት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ይወሰዳል። ቫይረሱ ከተገኘባችሁ ደግሞ ክትትል አለ፣ መድኃኒትም አለ። የቤተሰባችሁ አባላትም ይመርመሩ።

የማህፀን በር ካንሰር በአገራችን ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሁለተኛ ነው። ይህን ምግብ አይከላከለውም፤ የሚያመጣው ኤች ፒ ቪ የሚባል ቫይረስ ነው። ከ9 እስከ 14 ዓመት ያሉ ሴት ልጆች ክትባቱን ከ2017 ዓ.ም. ወዲህ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚወስዱት። ትምህርት ቤት ሲመጣ «መካን ያደርጋል» የሚል ወሬ ሰምታችሁ ልጃችሁን አታስቀሩ፤ ውሸት ነው። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያላችሁ እህቶች ደግሞ የማህፀን በር ምርመራ አለላችሁ። ባለሙያዋ ቀጠን ያለ አሴቲክ አሲድ ቀብታ፣ ቀለሙ ነጭ ሆኖ የሚለወጥ ቦታ መኖር አለመኖሩን ታያለች። ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። ቅድመ ካንሰር ከተገኘ ብዙ ጊዜ እዚያው ሕክምና ይሰጣል። ኤች አይ ቪ በደማችሁ ካለ ከ30 ቀደም ብሎ ስለሚጀመር ሐኪማችሁን ጠይቁ።

የጨጓራ ሕመም ያለባችሁም እንዲሁ። ኤች ፓይሎሪ የሚባለው ባክቴሪያ ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ምድብ 1 ውስጥ ነው፤ የጨጓራ ካንሰር ያመጣል። ተመርምሮ ከተገኘ በመድኃኒት ይጠፋል። የታዘዘውን መድኃኒት ሲሻላችሁ መሃል ላይ አታቋርጡ።

እስካሁን የጻፍኩት ሁሉ ጤነኛ ለሆነ ሰው ነው። ምግብ ለመዋጥ የሚቸገር፣ በሰገራው ደም የሚያይ፣ ጡቷ ላይ እብጠት ያገኘች፣ ከወር አበባ ውጭ ደም የሚፈሳት፣ ሳይፈልግ ኪሎው የሚቀንስ ሰው ምግብ በመለወጥ ጊዜ አያባክን። ድሬ ላይ ድል ጮራ ወይም ሳቢያን ሆስፒታል፣ ሐረር ላይ ሕይወት ፋና ይሂድ። ካርድ ሲያወጣ ምልክቱ መቼ እንደጀመረ በቀን ለይቶ ይንገር፤ የሚወስደውን ክኒንም ሆነ የባህል መድኃኒት ይዞ ይሂድ።